ሃይድሮጄል ለጅማ ቀይ አፈር ያዋጣል?

ጓሮ አዳሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ቦሳ ቂቶ በሚገኘው ጓሮዬ 10 ሜትር በ1 ሜትር የሆኑ ሁለት መደቦች ላይ ቲማቲም ተክያለሁ። የጉድጓዴ ውሃ በጥር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሲገኝ መደቡ እስኪጨቀይ አጠጣለሁ፣ ሲጠፋ አፈሩ እስኪሰነጠቅ እጠብቃለሁ። አሁን ፍሬው ከታች እየጠቆረ ይጎደጉዳል። ጎረቤቴ «በሽታ ነው» ብሎ መድኃኒት አስረጨኝ፤ ገንዘቤ ብቻ ሄደ። አንድ ዘመዴ ደግሞ ግማሽ ኪሎ ሃይድሮጄል (ውሃ መጥጦ የሚያብጥ ፍርፋሪ) ልኮልኝ «ይህን ከቀበርክ በሳምንት አንዴ ብታጠጣ ይበቃሃል» ይለኛል። እውነት ነው?

የአዌቱ ዳር አትክልተኛ፦
ወንድሜ፣ ያ ጥቁረት ተላላፊ በሽታ አይደለም። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው ከውሃ ጋር ነው፤ አፈርህ አንዴ ጭቃ አንዴ ደረቅ ሲሆን መንገዱ ይቋረጣል። መርጨቱን ተወው።

ሃይድሮጄል ያገኘውን ውሃ ይይዛል እንጂ ውሃ አይወልድም። በተጣራ ውሃ የክብደቱን ብዙ መቶ እጥፍ ይጠጣል፤ ጨውና ማዳበሪያ ሲያገኘው ግን አቅሙ በጣም ይወርዳል። ይበልጥ የሚጠቅመውም አሸዋማ አፈርን ነው፤ የእኛ ቀይ ሸክላ ራሱ ውሃ ያዥ ነው።

ይልቅ ሒሳቡን ያዝ። በበጋ ቀን ከሣር መስክ 4 ሚሊ ሜትር ውሃ ይተናል እንበል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ፍሬ ለያዘ ቲማቲም ይህን በ1.15 ያበዛዋል፤ 4.6 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በካሬ ሜትር 4.6 ሊትር። ለአንዱ መደብህ በቀን 46 ሊትር ነው። በሁለት ቀን አንዴ ካጠጣህ 92 ሊትር፣ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አይሞላም። ቅጠሉን ሳታርስ ከሥሩ አፍስስ።

ጓሮ አዳሪ፦
ታዲያ ግማሽ ኪሎውን ምን ላድርገው? ዘመዴ በየቀኑ ይደውላል።

ችግኝ አፍይ፦
ለችግኝ ፕላስቲክህ አስቀምጠው፣ አሸዋ ለበዛበት አፈር። እኔ መጀመሪያ ሃይድሮጄሉን ሳላረጥብ በመትከያ ጉድጓዱ ውስጥ አብዝቼ ጨምሬ ነበር፤ ውሃ ሲያገኝ አብጦ ችግኞቹን ከነሥራቸው ገፍቶ አወጣቸው። የተረፈውን ላዩ ላይ በተንኩት፤ የእንቁራሪት እንቁላል መስሎ ዶሮዎቼ ሲለቅሙት ዋሉ። ጥቂት ብቻ፣ ሥሩ በሚደርስበት ጥልቀት ከአፈር ጋር ቀላቅል። ከሕፃናት ዳይፐር አውጥተው የሚጠቀሙ አሉ፤ እርሱ ሶዲየም አለበት፣ አታስጠጋው።

ለመደብህ አፈሩን የሚሸፍን ጉዝጓዝ ይሻላል። ጅማ ተቀምጦ የቡና ገለባ የሚቸግረው ሰው የለም! ትኩሱን ግን አትጠቀም፤ ከምረህ እስኪበሰብስ ተወው።

ጓሮ አዳሪ፦
ዛሬ ሥሩ አጠገብ አንድ ስንዝር ቆፍሬ አየሁ። ትናንት ያጠጣሁት ነው፤ ላዩ ጭቃ፣ ታቹ አቧራ! ለካ ውሃው በስንጥቁና በመደቡ ጠርዝ እየሸሸ ኖሯል። ከነገ ጀምሮ በጀሪካን እየለካሁ፣ ቀስ እያልኩ ነው። ዘመዴን ግን ማን ያስረዳልኝ?