ኢስፋሃን ስንት ሰው ነበራት? የፈረንጅ መንገደኛ ወሬ ታሪክ ነው ወይስ ወሬ?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው መከራከሪያ፣ የድሮዋን ፋርስ አውሮፓውያን ተጓዦች በጻፉት ማመን ይቻላል ወይ የሚል ነው። ስድብ የለም ባካችሁ።

የመርካቶው ልጅ፦ እኔ አላምንም። ታቨርኒየርና ሻርዳን ሁለቱም ፈረንሳዊ፣ ሁለቱም የከበረ ድንጋይ ነጋዴ፣ ሁለቱም በ17ኛው ክፍለ ዘመን የያኔዋን የፋርስ ዋና ከተማ ኢስፋሃንን ያዩ። ታቨርኒየር ስፋቷ ከፓሪስ ብዙም አያንስም የፓሪስ ሰው ግን አስር እጥፍ ነው ይላል፣ ሻርዳን ደሞ የለንደንን ያህል ሕዝብ አላት ብሎ ቁጭ። አንድ ከተማ እኮ ነው!

ሰብሊ፦ ቆይ እንጂ፣ ሻርዳን ቋንቋውን ተምሮ ዓመታት የኖረ ሰው ነው። 162 መስጊድ፣ 273 የሕዝብ መታጠቢያ ብሎ ዘርዝሯል። የሕዝቡን ቁጥር እንኳን አሳንሶ የሚገምተው 600 ሺህ፣ አብዝቶ የሚገምተው 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ይላል ብሎ የሰው ግምት መሆኑን ለይቶ ነው የጻፈው።

የመርካቶው ልጅ፦ መታጠቢያ መቁጠርና ሰው መቁጠር አንድ ነው እንዴ እህቴ? ደሞ የፋርሱ ንጉሥ ሻህ አባስ 2ኛ የንጉሥ ነጋዴ ብሎ የሾመው ሻርዳን፣ ደንበኛውን ያሳንሳል?

ጋሽ ጠጠር፦ ልጆች፣ እንግሊዛዊውን የነጋዴዎች መልእክተኛ ጄንኪንሰንን ረሳችሁት። በ1562 በፋርሷ ቃዝቪን ከተማ ሻህ ታህማስብ ፊት ቀርቦ ክርስቲያን ነኝ ሲል የከሃዲ ወዳጅነት አያስፈልገንም ተብሎ ተሸኘ፣ ሲወጣ አንድ ሰውዬ ከኋላው እየተከተለ በረገጠው ሁሉ ላይ አሸዋ ይነፋበት ነበር። ይሄን ለላኩት ነጋዴዎች የጻፈው ራሱ ነው። ውሸታም ቢሆን መጀመሪያ የሚደብቀው እሱን ነበር።

የመርካቶው ልጅ፦ ጋሽዬ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከሻሁ ውል ሳያገኝ ለተመለሰ ሰው ከዚህ የተሻለ ሰበብ አለ?

ሰብሊ፦ ሃሃ እሺ፣ እና ማንን እንመን? እስክንደር በግ የሻህ አባስ 1ኛ ጸሐፊ ነበር፣ በታሪክ መጽሐፉ ዘመቻና ሹመት ይነግርሃል፣ ጌታውን ግን እንዴት አድርጎ ይነካል?

ጋሽ ጠጠር፦ ታቨርኒየርን ደግማችሁ አንብቡት። ለምን ሰው አነሰ ስትሉት መልስ አለው፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው ቤት አለው፣ እያንዳንዱ ቤት የአትክልት ቦታ አለው፣ ከሩቅ ሲያዩት ከተማ ሳይሆን ጫካ ይመስላል ነው የሚለው። ፓሪስ ደሞ ፎቅ በፎቅ ላይ ነው። ቁጥሩን ተዉት፣ ዛፉን ግን አይቶታል።

የመርካቶው ልጅ፦ ዛፉን አመንኩ። አስር እጥፉን ግን አሁንም አልዋጥኩትም፣ ሰብሊ አንቺስ ሻርዳንን ለቀቅሽ?

ሰብሊ፦ አልለቀቅኩም! ዛፍ ያለበት ሰፈር ሰው አይኖርም ያለህ ማነው።