የፊደል አፕ ለታብሌት፦ ከአይፓድ ልጀምር ከአንድሮይድ?

የጠባሴ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን ነኝ። ልጆች ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ የሚጽፉበት አፕ ፍላተር በሚባል የአፕ መሥሪያ እየሠራሁ ነው። እህቴ መዋዕለ ሕፃናት ስለምታስተምር እዚያ ሞክራዋለች፣ ልጆቹ ገና "ለ" ላይ ሳይደርሱ በታብሌቷ ይጣላሉ አለችኝ። ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ አሜሪካ ያለው አጎቴ "ከአይፓድ ጀምር፣ ብር ያለው እዚያ ነው፣ ክፍያውን እኔ እችላለሁ" ይላል። እዚህ ሰፈር ግን የማየው ሳምሰንግ፣ ስሙን የማላውቀው የቻይና ታብሌትና አንድ ሁለት ሁዋዌ ነው። የአይፓድ አፕ የሚወጣበት የአፕል ኮምፒውተር፣ ማክ፣ የለኝም። ላፕቶፔም 4 ጊጋ ራም ነው፣ የአንድሮይድ አፕ መሥሪያው ፕሮግራም አንድሮይድ ስቱዲዮ እስኪከፈት አቦሉ አልቆ ቶናው ይደርሳል። ምን ትሉኛላችሁ?

ባለ ቆሎ፦
አንድሮይድ። ምኑ ያጠያይቃል? የጎግል ፕሌይ አካውንት 25 ዶላር አንዴ ከፍለህ ትገላገላለህ። የአፕል በየዓመቱ 99 ነው። አጎትህ አንድ ዓመት ቢረሳው አፕህ ከመደብሩ ይወርዳል።

ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ፦
የአጎትህን ነገር ባትንቀው ይሻላል ወንድሜ። ሰፈርህ ያለ ወላጅ አፑን በዜንደር ተቀባብሎ ይጠቀማል፣ አይከፍልም፣ አልፈርድበትም። ልጄ ባህር ማዶ ተወልዶ ፊደል ሳይቆጥር ሊያድግ ነው ብሎ የሚጨነቀው ነው ከኪሱ የሚያወጣው፣ የእሱ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚይዘው አይፓድ ነው። በፍላተር ከሠራኸው ኮዱ ለሁለቱም ይሆናል። ለአይፓድ የመጨረሻውን ፋይል ለማውጣት ብቻ ማክ ያስፈልግሃል፣ እሱንም በኢንተርኔት መከራየት ይቻላል። ስለዚህ በአንድሮይድ አሟሸው፣ ከዚያ ወደ አይፓድ ውሰደው።

የጠባሴ ልጅ፦
አመሰግናለሁ። አንድ የረሳሁት አለ። አንድ አዲስ የአፕ መደብር "መጀመሪያ ለኛ ብቻ ካመጣህ እንከፍልሃለን" ብሎ ጽፎልኛል። ልቤ ትንሽ ሸፈተ።

የድሮ ሰው፦
ልጄ፣ ይሄን ፊልም አይተነዋል። ብላክቤሪ እ.ኤ.አ. በ2012 የአንድሮይድ አፑን ፕሌይቡክ ወደሚባለው ታብሌቱ ላመጣ ዲቨሎፐር፣ ማለት አፕ ሠሪ፣ ታብሌቱን በነፃ ይሰጥ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2013 ወደ መደብሩ ለመጣ በአንድ አፕ 100 ዶላር፣ ሲበዛ እስከ 2,000 ዶላር ከፈለ፣ በዚያው ዓመት ሰርፌስ አርቲ በሚባለው ታብሌቱ ምክንያት የ900 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ። የኤችፒ ታብሌት ታችፓድማ በ2011 ወጥቶ ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላው ቆመ፣ የተረፈውን በ99 ዶላር ሲያወጡት ነው ሰው የተሻማው። አማዞን ግን በዚያው ዓመት ታብሌቱን ኪንድል ፋየርን በ199 ዶላር ሸጠ፣ አይፓድ በ499 በሚጀምርበት ጊዜ ማለት ነው። መጀመሪያ ያባበለው ገዢውን ነው። ታብሌቱ ሰው እጅ ከገባ ዲቨሎፐር ሳይጠሩት ይመጣል። እነዚህ ሰዎች የሚከፍሉህ አፕህ ስለጎደላቸው ነው ወይስ ተጠቃሚ ስለሌላቸው? ጠይቃቸው። "ለኛ ብቻ" የምትለዋን ቃል ካላወጡ አትፈርም። ካወጡ ብሩን ተቀበል፣ ምን ገዶህ።

መንዜው፦
መሐል ሜዳ ነኝ፣ ባለፈው ክረምት አንድ አፕ አውጥቻለሁ። ማንም ያልነገረህን ልንገርህ። ከኖቬምበር 2023 ወዲህ የተከፈተ የግል አካውንት ከሆነ ጎግል ዝም ብሎ አያስወጣህም፣ 12 ሰው ሳያቋርጥ ለ14 ቀን በሞካሪነት መመዝገብ አለበት። እኔ አሥራ ሁለተኛውን ሰው ፍለጋ የአጎቴን ልጅ ሠርግ ላይ ስልክ ስለምን ነበር። አሁኑኑ ሰብስብ። ሌላ፣ ፊደሉን ከነፎንቱ አፑ ውስጥ ክተተው፣ ርካሹ ታብሌት ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይመጣብሃል። ሁዋዌ ላይ ደግሞ ከ2019 ወዲህ የወጡት አዳዲስ ሞዴሎች የጎግል አገልግሎት ስለሌላቸው በጎግል በኩል የሚከፈል ነገር ካለህ አይሠራም። ነፃውን ክፍል ያለ ጎግል እንዲሄድ አድርገህ ሥራው።

ባለ ቆሎ፦
12 ሰው የሚለውን አላውቅም ነበር። በኔ ጊዜ እንዲህ አልነበረም።

የጠባሴ ልጅ፦
ከሳምንት በኋላ ተመለስኩ። አጎቴ ትንሽ ካኮረፈ በኋላ 25ቱን ከፈለልኝ፣ የአይፓዱ አፕ ለገና ይደርሳል ብዬዋለሁ። መደብሩ "ለኛ ብቻ" የሚለውን አናወጣም አለ፣ እኔም ተውኩት። ፎንቱን ከተትኩት፣ ሳጥኑ ጠፋ። ሞካሪ ከእህቴ ተማሪዎች ወላጆች ጋር 9 ደርሰናል። 3 ሰው ጎድሎኛል፣ አንድሮይድ ያላችሁ ጂሜላችሁን በውስጥ ላኩልኝ።

መንዜው፦
እኔን ቁጠረኝ። ሚስቴንም።

የድሮ ሰው፦
የኔን ላክሁ። ታብሌቱ የልጅ ልጄ ነው፣ እሷ ከሰጠችኝ።