ደርግም ምርጫ ካካሄደ አምባገነን የምንለው ለምንድን ነው?

ናቲ_ጎፋ፦
ሰላም ቤተሰብ። ታናሽ እህቴ ለፈተና ስታጠና «በዴሞክራሲ ሕዝብ ይመርጣል፤ በአምባገነን ሥርዓት አይመርጥም» የሚል ነገር አሳየችኝ። አባታችን ግን በ1979 ለብሔራዊ ሸንጎ (ለያኔው ፓርላማ) ድምፅ ሰጥቷል። ሕገ መንግሥቱም በሕዝበ ውሳኔ ነው የጸደቀው። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው?

የድሮ_ሰፈር፦
ናቲ ልጄ፣ አባትህ እውነቱን ነው፤ እኔም መርጫለሁ። ዕጩ አንድ ብቻ አልነበረም። ግን ሁሉም ኢሠፓ (የደርግ ፓርቲ) እና በእሱ ሥር ያሉት ማኅበራት የጠቆሟቸው ናቸው። ሌላ ፓርቲ ማቋቋም ክልክል ነበር። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምንም ፕሬዚዳንት ያደረገው ሸንጎው እንጂ የእኛ ድምፅ አይደለም። ለምን ሄድክ ብትለኝ፣ ፈርቼ ነው። ስኳሩም መታወቂያውም የሚገኘው በቀበሌ ነበር። ማን ቀረ ማን መጣ መታየቱ አይቀርም ብለን ሁላችንም በጠዋት ተሰለፍን።

ሰላም_ቲ፦
ናቲ፣ ማላዊን እይልኝ። ይሄን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር ልቤ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ፕሬዚዳንት ሙታሪካ አሸነፉ ተባለ። የውጤት ቅጾቹ ላይ ግን ቁጥሮች በፍሉድ ተደልዘው ተገኙ። ሕዝቡ ለወራት ሰልፍ ወጣ። በየካቲት 2020 አምስት ዳኞች ከልብሳቸው በታች ጥይት መከላከያ አድርገው ችሎት ገቡና ምርጫውን ሰረዙት። በድጋሚው ተቃዋሚው ቻክዌራ አሸነፉ፤ ሙታሪካ ለቀቁ። ግን አገራቸው ነው የኖሩት። በ2025 ተወዳድረው መልሰው አሸነፉ፤ ቻክዌራም ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። እኛ ጋ መንግሥቱ የወረዱት ጦር አዲስ አበባ ደጃፍ ሲደርስ ነው፤ ግንቦት 1983 ወደ ዚምባብዌ ሸሹ፤ በዚያው ቀሩ።

ካሳንቺስ፦
ኧረ ሰላም፣ አታሳምሪው! ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2017 ፍርድ ቤቱ ምርጫ ሰርዞ ነበር። ተቃዋሚው ኦዲንጋ ከድጋሚው ራሳቸውን አገለሉ፤ ያው ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ቀጠሉ።

ሰላም_ቲ፦
ልክ ነህ፣ ቀጠሉ። ሰውም ሞቷል፤ ያንን አልደብቅም። ግን ኡሁሩ ዳኞቹን አደባባይ ላይ ሲሰድቧቸው፣ ዋና ዳኛው ማራጋ አልታሰሩም፣ አልተባረሩም። በ2021 በጡረታ እስኪወጡ ድረስ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ጋሼ፣ በእርስዎ ጊዜ እንዲህ ያለ ዳኛ ቢኖር ማታ ቤቱ ይገባ ነበር?

የድሮ_ሰፈር፦
አይገባም ልጄ።