አንኮበር ነን፤ እናቴን ራሷን አሟታል። ከፍታው ይሆን? አስቸኳይ!

ጠያቂ፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከደብረ ብርሃን አንኮበር ለጉብኝት መጥተን፣ ታድሶ ማረፊያ የሆነ የድሮ ቤት ውስጥ ነን። ከመሸ ጀምሮ መብራት የለም። ማሞቂያው አይሠራም፣ ጀነሬተሩም ተበላሽቷል አሉን። እናቴን ራሷን ይወቅጣታል፣ ያዞራታል። የከፍታ ሕመም መሰለኝ። ምን ላድርግላት?

የመንዝ ልጅ፦ አንኮበር ያለ ባና ይኬዳል እንዴ ወንድሜ! ሁለት ባና ደርቡላት፣ አንድ መለኪያ አረቄ ቅመሺ በሏት። ጠዋት ተራራውን ቀድማችሁ ነው የምትወጣው።

ታሪክ ወዳድ፦ እናትህን እግዜር ይማርልህ። ግን ያለህበትን ቦታ ዕወቅ። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ ልዑክ በ1841 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ፍለጋ የመጣው እዚያው ነው። አፄ ምኒልክም እንጦጦ ከመግባታቸው በፊት ከዚያ ሆነው ገዝተዋል። ጠዋት የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ሳታዩ እንዳትመለሱ።

ጣርማበር ሹፌር፦ ከፍታ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። እዚያ የኖረች ሴት አንኮበር ላይ ከፍታ አያማትም። ሌላ ነገር ፈልግ።

ነርስ ነኝ፦ ማሞቂያው ካልሠራ በምንድን ነው የምትሞቁት? ክፍሉ ውስጥ ከሰል አለ? ሌላ የታመመ ሰውስ?

ጠያቂ፦ አዎ፣ ሠራተኞቹ በማንደጃ ከሰል አስገብተውልናል። ግን ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው የገባው፤ ፍም ብቻ ነው። ምንም አይሸትም። ልጄ ደግሞ ቅድም አስመልሶታል፣ እራት ላይ የበላው ይሆናል። አሁን ተኝቷል።

ነርስ ነኝ፦ ልጁን አሁኑኑ ቀስቅሰው! ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡ። በርና መስኮቱን ክፈቱት። ይህ የከሰል መርዝ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ጭሱ ቢያልቅም ከፍሙ መውጣቱን አያቆምም። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው አብሮ ሲታመም ምግብ ብላችሁ አትለፉት። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል።

የቡና ሰዓት፦ ከሰል ከመታቸው ወተት አጠጧቸው። ከሰሉ ላይም ጨው ነስንሱበት።

ነርስ ነኝ፦ ወተትም ጨውም ይህን መርዝ አያወጡም። ውሃ በጣሳ ማስቀመጥም እንደዚያው። አረቄው ደግሞ ጭራሽ አይሞከር፤ እንቅልፍ ያመጣል። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ካልተገኘ ባገኛችሁት መኪና ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። የሚያስፈልጋቸው ኦክስጅን ነው።

የቡና ሰዓት፦ እኛ ቤት ሁሌም ወተት ነው፣ ሠርቶልናል።

ጎረቤላ፦ የዚህ አገር ሰው በእሳት ዳር ነው ያደገው፣ ምን አዲስ ነገር መጣ? ከሰሉን ትንሽ በሩ ጋ ጠጋ አድርጉት፣ ይበቃል።

አናጢው፦ አዲስ ነገርማ መጥቷል። የድሮው ቤት ሣር ክዳን ነበር፤ ጭሱ በክዳኑ መሐል ሾልኮ ይወጣ ነበር። አሁን ሲታደስ ቆርቆሮ ይለብሳል፣ ከሥሩ ኮርኒስ ይመታል፣ መስኮቱ መስታወት ይሆናል፣ የጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ በሲሚንቶ ይደፈናል። ከውጭ ሲያዩት ያው የአያቶቻችን ቤት ነው፤ አየር መውጫ ግን የለውም። እኔ ራሴ እንዲህ ያሉ ቤቶች አድሻለሁ። ባለቤቶቹ ለብርዱ ብለው ሁሉን ድፈንልን ይላሉ። የጭስ መውጫ ሳይተዉ እሳት ማስገባት ሰው መግደል ነው።

ነርስ ነኝ፦ በሩ ጋ ማስጠጋት አይበቃም። ማንደጃው ከቤት ይውጣ። የሣር ቤት ውስጥም ቢሆን ከሰል አጠገብ አይተኛም።

የመንዝ ልጅ፦ የአረቄውን ነገር እርሱት በእናታችሁ። ባናውን ግን ውጭ ስትሆኑ አልብሷቸው፣ ውርጭ ነው።

ጠያቂ፦ ወጥተናል። ልጁ ነቅቷል፣ ግን እግሩ አልጸና አለው። እናቴ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ናት። 907 እየደወልኩ ነው።

ጣርማበር ሹፌር፦ አምቡላንስ ከዘገየ ማረፊያው ሰዎች መኪና ይፈልጉላችሁ፣ ግዴታቸው ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ከላኳችሁ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉም ካለ ቀስ ይበል። መስኮት ከፍታችሁ ሂዱ።

ነርስ ነኝ፦ ስትደርሱ መጀመሪያ «ከሰል ክፍል ውስጥ ነበር» በሉ። ካላላችሁ ለምግብ መመረዝ አክመው ይመልሷችኋል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ጥሩ ቁጥር ቢያሳይም አትመኑት፤ ይህን መርዝ ከኦክስጅን አይለየውም። አንተም አብረሃቸው ክፍሉ ውስጥ ነበርክ፣ አንተም ተመርመር።