የኧርነስት ዊሎውስ አየር መርከቦች ጥቅም ላይ ውለዋል?

ናቲ፦
ሰላም ቤተሰብ። ኧርነስት ዊሎውስ የሚባል የካርዲፍ (የብሪታንያዋ ዌልስ ከተማ) ልጅ ታሪክ እያነበብኩ ነበር፣ የጥርስ ህክምና ይማር የነበረ ልጅ ነው፣ እና በ1905 በነሱ አቆጣጠር ገና በ19 አመቱ የራሱን አየር መርከብ (በጋዝ የተሞላ ትልቅ ከረጢት የሚያንሳፍፈው በሞተር የሚሄድ በራሪ) ሰርቶ አበረረ። በጣም ገረመኝ። ግን ስሙን የሚያነሳ ሰው ብዙም የለም፣ ሁሉም ስለ ጀርመኑ ዘፔሊን ነው የሚያወራው። የሱ ስራ የት ደረሰ? ጦሩ ተጠቀመበት ወይስ እንዲሁ ቀረ?

ሰናይት፦
ኧረ በደንብ ደርሷል! 1910ን ብቻ እይ። ኦገስት ላይ ከካርዲፍ ለንደን ድረስ በሌሊት በረረ፣ ኖቬምበር ላይ ደግሞ እሱና መካኒኩ "ሲቲ ኦፍ ካርዲፍ" ባላት መርከብ ከለንደን ተነስተው ቻናሉን (እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚለየውን ባህር) ተሻገሩ፣ ከእንግሊዝ ወደ ፈረንሳይ በአየር መርከብ በመሻገር የመጀመሪያው እሱ ነው። በጨለማ ካርታቸው ወደ ታች ወድቆባቸው የት እንዳሉ እንኳን ሳያውቁ ሌሊት 8 ሰአት ገደማ ዱዌ የምትባል ከተማ አጠገብ አረፉ። መርከቧን ጠግነው ፓሪስ የገቡት በዲሴምበር መጨረሻ ነው፣ የአዲስ አመት ዋዜማ ላይ አይፍል ታወርን ዞረበት። እኔን የሚገርመኝ ግን ፕሮፔለሮቹ ናቸው፣ የሚዟዟሩ ስለሆኑ ሲፈልግ ወደ ላይ ይገፉለታል ሲፈልግ አቅጣጫ ያስቀይሩለታል፣ ያንን ያሰበው ገና በልጅነቱ ነው።

ካሳሁን፦
ናቲ ስለ ጦሩ ላልከው፣ በ1912 ቁጥር 4 የምትባለዋን አየር መርከቡን ለእንግሊዝ ባህር ሀይል በ1,050 ፓውንድ ሸጠላቸው። በአንደኛው የአለም ጦርነት፣ በ1915 መጀመሪያ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ሲያስቸግሩ ባህር ሀይሉ ርካሽና ቶሎ የሚሰራ ነገር ፈለገ፣ ያኔ የዚችን መርከብ የጋዝ ከረጢት አውጥተው ቢኢ2ሲ የሚባለውን አውሮፕላን ክንፉን ፈትተው አካሉን ከስር አንጠለጠሉበት፣ በቃ በሳምንታት ውስጥ በረረ! ኤስኤስ የሚባሉት አየር መርከቦች በሙሉ ከዛ ሙከራ የመጡ ናቸው፣ ጦርነቱ እስኪያልቅ ባህር ላይ ሰርጓጅ ሲፈልጉ የነበሩት እነሱ ናቸው። ስለዚህ እንዲሁ አልቀረም ወንድሜ፣ ስሙ ነው የተረሳው።

ናቲ፦
ካስሽ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ጭራሽ አላውቅም ነበር። ኤስኤሶቹን ራሱ ነው የሰራቸው?

ካሳሁን፦
አይ፣ እሱ በጦርነቱ ጊዜ ካርዲፍ ሆኖ ፊኛ ነበር የሚሰራላቸው። ከዛ በፊት በ1913 አራት ሰው የምትይዝ ቁጥር 5ን ሰርቶ ከሄንደን (ለንደን ያለ የአውሮፕላን ሜዳ) እየተነሳ ሰው ለንደን ላይ ያንሸራሽር ነበር።

ሰናይት፦
አሟሟቱ ነው የሚያሳዝነው። ኦገስት 3, 1926 ቤድፎርድ አጠገብ ኬምፕስተን ላይ ሰው አሳፍሮ ሲበር ፊኛው ወድቆ ከአራት ተሳፋሪዎቹ ጋር ሞተ፣ ገና 40 አመቱ ነበር። ካርዲፍ ውስጥ በስሙ ትምህርት ቤት ሰይመውለታል።