ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ ስለ ልማት ዕርዳታ ቅንጅት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ ረቂቅ

ሰብሳቢ፣ አዲስ አበባ

የተከበራችሁ አባላት፣ ለገንዘብ ሚኒስቴርና ለልማት አጋሮች የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ ረቂቅ ለውይይት ከፍቻለሁ። እስከ ትናንት ማታ 11 ነጥቦች ደርሰውኛል። ሁሉም ጥሩ ናቸው፤ ችግሩም ይኸው ነው። አሥራ አንድ ጥያቄ የያዘ ሰነድ ተመስግኖ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣልና ወደ ሦስት እናውርደው። መግቢያው ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብላችሁ የጻፋችሁ ሁለት አባላት ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አውጥቼዋለሁ። አንባቢዎቻችን ይህን ተረት በየዐውደ ጥናቱ መክፈቻ ሰምተውታል።

የመጀመሪያው ነጥብ እንዲህ ይላል፦ «መንግሥትና የልማት አጋሮች የሚመክሩባቸው የቅንጅት መድረኮች ይጠናከሩ።» አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

አባል፣ ሐዋሳ (በወረዳ ፋይናንስ የሠራ)

ይህ ነጥብ ቢወጣ ደስ ይለኛል። የጎደለን መድረክ አይደለም። የልማት አጋሮች ቡድን የሚባለው የለጋሾች ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2001 ተቋቁሟል፤ በየዘርፉም የሥራ ቡድን አለ። አዲስ አበባ ላይ የተቀናጀው ነገር ግን ወረዳ የሚደርሰው ተበትኖ ነው።

የማውቀውን ልንገራችሁ። እኔ በነበርኩበት ጽሕፈት ቤት ለአንድ የውኃ ሥራ አራት ሪፖርት ይዘጋጅ ነበር። የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የአሜሪካ መንግሥት በጀት የሚከፈተው መስከረም 21 አካባቢ ነው፤ የጀርመን ታኅሣሥ 23፣ የእንግሊዝ ደግሞ መጋቢት 23። ጉድጓዱ ያው፣ ፓምፑ ያው፣ የሒሳብ ሠራተኛውም ያው አንድ ሰው። እርሱ የወረዳውን ሒሳብ መዝጋት ትቶ ቁጥር ከአንዱ ቅጽ ወደ ሌላው ሲገለብጥ ይከርማል። በመጨረሻ ቁጥሮቹ አይገጥሙም። ያን ጊዜ «ለምን አልገጠመም?» የሚል ቡድን በመኪና ይመጣል፤ ለእርሱም ሌላ ሪፖርት ይጻፋል።

ስለዚህ አንደኛው ጥያቄያችን ይህ ይሁን፦ ወረዳ የሚጽፈው ሪፖርት አንድ ነው፤ ቅጹ የወረዳው፣ ዘመኑም ከሐምሌ እስከ ሰኔ። ወደ ራሱ ዘመን መመንዘር ያለበት ለጋሹ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ሰው አያጣም።

አባል፣ ባሕር ዳር (ጤና)

እስማማለሁ፤ ነገር ግን ያልተሞከረ ነገር እንደምንጠይቅ ሆኖ አይጻፍ። በጤናው ዘርፍ «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» የሚለውን መርሕ ያልሰማ ባለሙያ የለም። ለጋሾች የአንድን አገር የጤና ዕቅድ በኅብረት እንዲደግፉ የተቋቋመውን ዓለም አቀፍ የጤና አጋርነት በአገር ደረጃ የስምምነት ሰነድ አድርጋ በመፈረም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ቀዳሚ ነበረች። ጤና ሚኒስቴር የሚያስተዳድረው የጋራ ቋትም ተቋቁሞ በርካታ ለጋሾች «ይህ ለዚህ ፕሮጀክት ብቻ» ሳይሉ ገንዘብ አስገብተውበታል።

ውጤቱን በሐቀኝነት እንመዝነው ካልን፣ አንድ ዕቅድ የሚለው ከሞላ ጎደል ተሳክቷል። አንድ በጀት የሚለው ብዙም አልተሳካም፤ በወቅቱ ትልቁ ለጋሽ የነበረችው ዩናይትድ ስቴትስ ገንዘቧን ወደ ቋቱ አላስገባችም። ስለዚህ ሁሉም ገንዘብ በአንድ ቋት ይግባ ብለን ብንጠይቅ ከ2008 የባሰ መልስ እንደሚገጥመን እገምታለሁ። በአንድ ዕቅድ ላይ ይታይ ማለት ግን ይቻላል።

አባል፣ ሐዋሳ

ሁለተኛው ጥያቄ ይኸው ተገኘ። የዕርዳታ ገንዘብ የሚመጣባቸው መንገዶች «ቻናል» ይባላሉ። ቻናል አንድ በፋይናንስ መሥሪያ ቤቶች፣ ቻናል ሁለት በዘርፍ መሥሪያ ቤቶች በኩል ይመጣሉና ቢዘገዩም ይታያሉ። የወረዳው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ የማያየው ቻናል ሦስትን ነው፤ ለጋሹ ራሱ ወይም የመረጠው ድርጅት የሚያወጣውን። አንድ ቀበሌ ላይ ሁለት ድርጅት ተደራርቦ ሌላው ቀበሌ ባዶውን የሚቀረው በዚህ ነው። «ማንኛውም ድርጅት የሚቀጥለውን ዓመት ሥራና ገንዘብ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ለወረዳው አቅርቦ ያስጸድቃል» ብለን እንጻፍ።

አባል፣ አዲስ አበባ (ሲቪል ማኅበረሰብ)

ወንድሜ፣ «ያስጸድቃል» የሚለው ቃል ካለ እኔ አልፈርምም። በአዋጅ ቁጥር 621/2009 ዘመን ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳዮች እንዳይሠሩ ተከልክለው ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2019 ሲተካው በሩ ተከፈተ። አሁን በቅንጅት ስም በሩን መልሰን እንዝጋው? ወረዳ አስተዳዳሪ ስለ ሴቶች ጥቃት የሚሠራ ድርጅትን ዕቅድ «አላጸደቅሁም» ቢል መፍትሔው ምንድን ነው? ማሳወቅ ግዴታችን ነው፤ እርሱን ያልፈጸሙ ድርጅቶች እንዳሉም አልክድም።

አባል፣ ሐዋሳ

ልክ ነሽ፣ ቃሉ የእኔ ስሕተት ነው። «ያሳውቃል» ይሁን። ለምን ያህል ገንዘብ እንደሆነ አብሮ ይነገር እንጂ። «በግምት» የምትል ቃል ብትጨመርበት ግን አልቀበልም።

አባል፣ ሜሪላንድ

ከውጭ ሆኜ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስላፈረኩበት ጉዳይ ነው። በዚህ ያለው የአካባቢያችን ተወላጆች ማኅበር ገንዘብ አዋጥቶ የሕክምና መሣሪያ በኮንቴይነር ላከ። ሆስፒታሉን ምን እንደጎደለው የጠየቀ አልነበረም። መሣሪያዎቹ የሚሠሩት በ110 ቮልት ነበር፤ የአገር ቤት ኤሌክትሪክ አይስማማቸውም። ፎቶግራፍ ተነሥተን ተጨበጨበልን፤ ዕቃው መጋዘን ገባ። እኛም ለጋሾች ነንና ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ማኅበራትን ጨምሮ» የሚል ይግባ።

ሰብሳቢ፣ አዲስ አበባ

ገብቷል። ስለ ግልጽነትህም እናመሰግናለን፤ እዚህም ቢሆን መጋዘን የሌለው ሆስፒታል ጥቂት ነው። ሦስተኛውን ነጥብ በተመለከተ ጋሼ በስልክ ያሉኝን እዚሁ እንዲጽፉልን ለምኛቸው ነበር።

አባል፣ ጡረተኛ (የውጭ ትብብር ባለሙያ የነበሩ)

ልጆቼ፣ የእናንተን ያህል ፈጥኜ አልጽፍም። ለጋሾችና ተቀባይ አገሮች ዕርዳታን ውጤታማ ለማድረግ የተስማሙበት የፓሪስ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ በጣም ተስፋ አድርገን ነበር። እስከ 2010 ይደረስባቸዋል የተባሉ 13 ግቦች ተቀመጡ፤ በዓለም ደረጃ የተሳካው አንድ ብቻ ሆነ። እርሱም የቴክኒክ ትብብርን የማቀናጀቱ ነው፤ ከሁሉም ቀላሉ ይመስለኛል። የተቀሩት ለምን ከሸፉ? ያልፈጸመውን ማንም ስለማይጠይቀው ነው።

ሩዋንዳን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2010 መንግሥቱ የሥራ ክፍፍል አወጣና እያንዳንዱ ለጋሽ ከሦስት ዘርፍ በላይ እንዳይዝ አደረገ። ለጋሾችንም በየዓመቱ በመመዘኛ ይለካቸው ነበር። የእኛም ሦስተኛ ጥያቄ ይኸው ይሁን እላለሁ።

አባል፣ ባሕር ዳር

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎ። የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2025 ሥራውን አቁሟል። ሌሎቹም በጀታቸውን እየቀነሱ ነው። አሁን «ሦስት ዘርፍ ብቻ ምረጡ» ማለት ኮቱን ለብሶ ከተነሣ እንግዳ ጋር ስለ መቀመጫ መከራከር ይሆንብናል።

አባል፣ ጡረተኛ

የእንግዳው ነገር አሳቀኝ። መመዘኛውን ግን አልተውም። እንግዳው ሲወጣ ምን ይከፍል እንደነበር የምናውቀው እኮ መብራቱ ሲጠፋ ነው። እኔ በማውቀው አንድ ዞን የስንት ሠራተኛ ደመወዝ በፕሮጀክት ይከፈል እንደነበር ጽሕፈት ቤቱ የተረዳው የስንብት ደብዳቤዎቹ ሲመጡ ነው። ለጋሾች ቢያንስ መውጫቸውን አንድ ዓመት ቀድመው ይናገሩ፤ ይህም ይመዘን።

አባል፣ ሐዋሳ

እኔ በሦስተኛነት የውሎ አበልን ነበር ያሰብኩት። ማንም ሊጽፈው አይፈልግም። አንዱ ፕሮጀክት ከሌላው የበለጠ ሲከፍል ባለሙያው ሥልጠና የሚመርጠው በርእሱ አይደለም። ባለጉዳይ ሲመጣ ቢሮው ዝግ ነው፤ «አዳማ ሥልጠና ላይ ናቸው» ይባላል። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ራሱ አብሮ ሄዷል። እኔም ሄጃለሁ፤ ልጆቼን ትምህርት ቤት ያስገባሁት በከፊል በዚያ አበል ነው፣ ስለዚህ ወቀሳውን ከራሴ እጀምራለሁ።

ሰብሳቢ፣ አዲስ አበባ

እንግዲህ አንደኛውና ሁለተኛው ላይ ተስማምተናል። ሦስተኛው «ለጋሾች መውጫቸውን ከአንድ ዓመት በፊት ያሳውቁ፤ ይህን መፈጸማቸውም በየዓመቱ ተመዝኖ ይፋ ይደረግ» የሚል ይሆናል። የሩዋንዳው የዘርፍ ክፍፍል በአባሪ ይቀመጥ። አበሉን በተመለከተ ድምፅ ሰጥተን 4 ለ4 ስለተለያየን ለጠቅላላ ጉባኤ አቆይቼዋለሁ፤ ይህን ያልወደደው አባል ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«ይህ በተግባር አይሆንም» ለሚሉን ደግሞ በየዓመቱ ምግብ የሚያጥራቸውን የገጠር ቤተሰቦች የሚደግፈውን የሴፍቲኔት ፕሮግራም እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በርካታ ለጋሾች በአንድ የፕሮግራም ሰነድ፣ በጋራ የግምገማ ጉዞ ሲሠሩበት ቆይተዋል። ያ የሆነው በየዓመቱ የአስቸኳይ ጊዜ ልመና ማውጣት ሁሉንም ስላሰለቸ ነው። ይህን አንቀጽ ባሕር ዳር ይጽፍልኝ። ከሐዋሳ ደግሞ ማስረጃ እፈልጋለሁ።

አባል፣ ሐዋሳ

አራቱን ቅጾች ስካን አድርጌ ጎን ለጎን እልካለሁ። የወረዳውንና የለጋሾቹን ስም ሸፍኜዋለሁ። የጉድጓዱ ጥልቀት በአራቱም ላይ የተለያየ ነው፤ እርሱን ግን አልነካሁትም።