እዚሁ ጎንደር ሆኖ የዕለት ልማድን መቀየር ለውጥ ያመጣል ወይ?

የማራኪው፦
እንዴት ሰነበታችሁ የጎንደር ልጆች። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ቤቴ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ነው፣ ሥራዬ ፒያሳ። ጠዋት ያው ባጃጅ፣ ያው ማኪያቶ ቤት፣ ያው ወንበር፤ ማታ ያው መንገድ። ሥራዬን አልጠላሁትም። ግን ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር ስናወራ እነሱ ምን እንደሚሉ፣ እኔም ምን እንደምመልስ ቀድሜ የማውቀው እየመሰለኝ ተቸግሬያለሁ። ስለ ሰውም ስለ ከተማውም ያለኝ ሐሳብ ከሆነ ጊዜ ወዲህ ንቅንቅ አላለም። አንድ ወዳጄ “ልማድህን ቀይር፣ ነገሮች በሌላ ዓይን ይታዩሃል” አለኝ። እውነት ነው? ከተማ ሳትለቁ፣ ገንዘብ ሳታወጡ የሆነ ነገር ቀይራችሁ የታያችሁ ነገር ካለ ንገሩኝ። ምክር ይቅርብኝ፣ ያደረጋችሁትን ብቻ።

ፊት በር፦
ወንድሜ፣ ደህና ጥያቄ ነው። እኔ አስጎብኚ ነኝ፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ ነው የምውለው። ሥራው ቶሎ ልማድ ይሆናል። አፄ ፋሲለደስ፣ በፈረንጆቹ 1636፣ የዩኔስኮ ቅርስ የሆነው በፈረንጆቹ 1979፣ እያልክ ትቀጥላለህ፣ አፍህ ይሄዳል አንተ ግን የለህም። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳልገባ በውጭ በኩል አጥሩን መዞር ጀመርኩ። 900 ሜትር ገደማ ነው፣ 12 በሮች አሉት። የበሮቹን ስም በቃሌ ነበር የማውቀው። እያንዳንዱ በር ፊት ቆመህ ስታየው ግን “በዚህ የሚገባው ማን ነበር?” ማለትህ አይቀርም። እምቢልታ በር ለእምቢልታ ነፊዎቹ ነው። ባልደራስ በር ለፈረሰኞቹ አለቃ። አደናግር በር ለጥጥ ፈታዮቹ፣ ኳሊ በር ለእቴጌዪቱ አገልጋዮች። አየህ፣ ፈታይዋ የምታውቀው ቤተ መንግሥትና ንጉሡ የሚያውቀው ቤተ መንግሥት አንድ አይደለም። ቅጥሩ ያው ነው፣ ግን የገቡበት በር ሌላ፣ የሚያዩትም ሌላ።

አሁን ትረካዬን ከበሮቹ ነው የምጀምረው። እንግዶቹም ጥያቄያቸው ተቀየረ። “ግንቡ ስንት ዓመት ፈጀ?” ይሉ የነበሩት አሁን “ጥጡ ከየት ነበር የሚመጣው? ፈታዮቹ የት ነበር የሚያድሩት?” ይሉኛል። ያልመለስኩትን ማታ ቤት ገብቼ አነባለሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሰለህ ማንበብ የጀመርኩት።

የንጋት ባጃጅ፦
እኔ የማውቀውን ልንገርህ። ባጃጅ ነው የምነዳው። በልጄ ትምህርት ቤት ምክንያት ፈረቃዬን ከማታ ወደ ንጋት አዛወርኩ እንጂ አስቤበት አይደለም። ማታ የሚሳፈረው ከሥራ ወይ ከመዝናኛ የሚመለስ ነው፣ ወሬውም ኳስ ነው፣ ኑሮ ውድነት ነው። ንጋት ላይ ግን ሌላ ጎንደር አለች። ቅዳሴ የሚሄዱ እናቶች አሉ፣ ከገጠር ታማሚ ይዘው ሆስፒታል የሚሄዱም አሉ። አንድ ቀን አንድ አባት ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፎ ገባ። በሌላ እጁ በፎጣ የተቋጠረ በሶ ይዟል። ትንሽ እንደሄድን “ስንት ቀን ያስቀምጡን ይሆን?” ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ። እሱ ግን ከተማው ውስጥ የሚጠይቀው ሌላ ሰው አልነበረውም። በፊት ከገጠር የመጣ ሰው ዋጋ ሲከራከረኝ ደሜ ይፈላ ነበር። አሁን ያቺን ብር ለመኝታም፣ ለመድኃኒትም፣ ለመመለሻም እያብቃቃት እንደሆነ ይገባኛል። ሰዓት በመቀየሬ ያገኘሁት ይኸን ነው። ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሰላም ከአዘዞ፦
ይቅርታ ግን አልስማማም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያንኑ ነው የምታደርገው። ቡናው በሰዓቱ ይፈላል፣ አቦል ቶና በረካ፣ ጎረቤቶቹም እነዚያው። ግን እንደሷ የሚያስተውል ሰው አላየሁም። የጎረቤት ልጅ ሲኒ ስታቀብል እጇ ከበድ ካለ፣ “ይቺ ልጅ አንድ ነገር ሆናለች” ትላለች፤ ሆናም ትገኛለች። የሁልጊዜውን አጥርታ ስለምታውቀው ነው ትንሿ ለውጥ የምትታያት። በየጊዜው ሁሉን ለሚቀያይር ሰው ይሄ ከየት ይመጣል? የማራኪው ወንድሜ፣ ማኪያቶህን ስትጠጣ የምታየው ስልክህን ነው ወይስ ሰውን? መጀመሪያ እሱን ብትመልስልኝ።

ፊት በር፦
ሰላም፣ እናትሽ እውነት አላቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ግን እሳቸው ዘንድ ሰው ይመጣል፣ ወሬ ይመጣል፣ ችግር ይመጣል። ቢሮ የሚውል ሰው ከመሰሎቹ በቀር ማንን ያገኛል? ልዩነቱ እሱ ይመስለኛል።

አንባቢው፦
ጥናትም አለ እኮ። በፈረንጆቹ 2014 ለንደን ውስጥ የምድር ባቡር ሠራተኞች ለሁለት ቀን አድማ መቱ፣ ብዙ ጣቢያዎች ተዘጉ። ሰው ሳይወድ በግድ ሌላ መንገድ ፈለገ። በኋላ ተመራማሪዎች የተሳፋሪዎቹን የክፍያ ካርድ መረጃ ሲያዩ፣ ከ20 ሰው አንዱ ገደማ አድማው ካለቀም በኋላ በአዲሱ መንገድ ቀጥሏል። በየቀኑ የሚመላለሱ ሰዎች ናቸው እንግዲህ፣ የሚሻላቸው መንገድ አጠገባቸው እያለ ሞክረውት የማያውቁ። የሚሠራልህን ነገር አትመረምረውም። የቀሩት ወደ ድሮው ተመለሱ፣ እሱም ክፋት የለውም፤ አሁን አወዳድረው ነው የተመለሱት። ስለዚህ የሰላምንም ሐሳብ አልጥልም። ሁሉን አትነካካ፣ አንዷን ቀይርና እያት። ባይሆን ትመለሳለህ።

የማራኪው፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሰላም፣ ስልኬን ነው የማየው፣ ምን እላለሁ። የንጋት ባጃጅ የጻፈውን ደግሞ ደጋግሜ አነበብኩት፣ ከመንገዱ ይልቅ ማንን አገኛለሁ የሚለው ነው የጎደለኝ። ቤት ውስጥ ቅዳሜ ገበያ የምትሄደው እህቴ ናት፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እኔ እሄዳለሁ ብያታለሁ። ከሻጮቹ ጋር ተከራክሮ መግዛት አልችልበትም፣ እማራለሁ። ፊት በር፣ የግንቡን ዙሪያም ልሞክረው ነው፣ ትኬት ያስፈልጋል? ከየት ልጀምር?

ፊት በር፦
ውጭ ለውጭ ስለሆነ ትኬት የለውም። ከጃን ተከል ዋርካው ተነሣና አጥሩን ይዘህ ዙር። ጠዋት 12 ተኩል ላይ ብትመጣ እኔም እዚያው ነኝ፣ በሮቹን አሳይሃለሁ። ሰላም፣ አንቺም እናትሽን ይዘሽ ነይ። እሳቸው የኛ ዓይን ያላየውን ሳያዩ አይቀሩም።